የሙዚየም የአባልነት፣ የትኬትና የበር ሲስተሞችን ማገናኘት፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ሥራ

የአባላት መዝገብ፣ የኦንላይን ትኬት ሽያጭ፣ የበር ቁጥጥር፣ የስጦታ ሱቅ ካሸር፣ የኢሜይል መላኪያና የሒሳብ ሶፍትዌር በአንድ ሙዚየም ውስጥ ቢኖሩም፣ አብዛኛውን ጊዜ የተገዙት በተለያየ ዓመት፣ በተለያየ ክፍል፣ ከተለያየ ሻጭ ነው። እነሱን ለማገናኘት አምስት መንገዶች አሉ፦ ሁሉንም በአንድ የያዘ ሲስተም መግዛት፣ ያሉትን በኤፒአይ (አንዱ ሶፍትዌር ሌላውን መረጃ በሚጠይቅበት መንገድ) ቀጥታ ማያያዝ፣ መሃል ላይ ማገናኛ ማስቀመጥ፣ በየሌሊቱ ፋይል መለዋወጥ፣ ወይም ሎግኢኑን ብቻ አንድ ማድረግ። ከአምስቱ አንዱን መርጦ ለሁሉም ሥራ ለማዋል መነሳት የተለመደ ነው፤ አላስፈላጊው ወጪ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። ምርጫው ለእያንዳንዱ የመረጃ ፍሰት ለየብቻ ቢደረግ ይሻላል።

መረጃው ስንት ደቂቃ መዘግየት ይችላል?

ሻጭ ከማነጋገር በፊት ከየትኛው ሲስተም ወደየትኛው ምን መረጃ እንደሚሄድ ይዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ጎን መረጃው ቢበዛ ስንት ደቂቃ ቢዘገይ ጉዳት እንደማያመጣ ይጻፉ። ፈጽሞ መዘግየት የማይችሉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። አንደኛው “ይህ ሰው አሁን አባል ነው ወይ?” የሚለው ነው፤ ሰልፍ ላይ ቆሞ በስልኩ አባልነት የገዛ ሰው ከሦስት ደቂቃ በኋላ በሩ ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው በሰዓት በተከፋፈለ መግቢያ ላይ የቀረው ቦታ ነው። ድረ ገጹና የትኬት መስኮቱ የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ከሸጡ የ4 ሰዓቱ መግቢያ ከአቅሙ በላይ መሸጡ አይቀርም።

የአባል ቅናሽ ሱቁ ካሸር ላይ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ችግር የለውም። የሒሳብ ምዝገባ፣ የለጋሾች ክትትልና የወር ሪፖርት እስከ ማግስቱ ጠዋት ሊቆዩ ይችላሉ። እንዲያውም ቢቆዩ ይመረጣል፤ በቀኑ ውስጥ የተሰረዙና ገንዘባቸው የተመለሰ ሽያጮች እስከ ማታ ይጠራሉና። “ኢሜይል አትላኩልኝ” የሚል ጥያቄ ግን ሌሊቱን መጠበቅ የለበትም፤ ሰውዬው ከዝርዝሩ ከወጣ በኋላ የሚደርሰው አንድ መልእክት ለቅሬታ በቂ ነው። ሁለት ሲስተሞች ስለ ፈቃዱ የተለያየ መረጃ ይዘው ከተገኙ “አልፈልግም” የሚለው ያሸንፍ።

የመዝገቡ ባለቤት ማን ነው?

ለእያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት አንድ ባለቤት ይሰየም። ስም፣ አድራሻ፣ የአባልነት ደረጃና ማብቂያ ቀን የአባላት መዝገቡ ናቸው። የጉብኝት ቀንና ሰዓት የበሩ ሲስተም ነው። የካርድ መረጃ ሙዚየሙ ጋ መቀመጥ የለበትም፤ ቦታው የካርድ ክፍያውን የሚያስፈጽመው ድርጅት፣ ማለትም ክፍያ አቀናባሪው ጋ ነው። ሌሎቹ ሲስተሞች ቅጂ ይይዛሉ እንጂ አያስተካክሉም። አንድን አድራሻ በሁለት ቦታ ማስተካከል ከተፈቀደ በሁለት አቅጣጫ ማመሳሰል ግድ ይሆናል፤ ያኔ አንድ ቀን አሮጌው አድራሻ በአዲሱ ላይ ይጻፍበታል።

በሙዚየም ሥራ ከሁሉ የሚያስቸግረው የቤተሰብ አባልነት ነው። አንዱ አባልነት ስማቸው የተጻፈ ሁለት አዋቂዎችንና ብዙ ጊዜ ስማቸው ያልተጻፈ ልጆችን ይይዛል። አጠቃላይ የደንበኛ መዝገብ ሶፍትዌር ግን የሚነሳው አንድ ሰው፣ አንድ ኢሜይል፣ አንድ አካውንት ከሚል ሐሳብ ነው። ባልና ሚስት አንድ ኢሜይል ሲሰጡ ሁለተኛው ሰው ወይ ሳይመዘገብ ይቀራል፣ ወይ የመጀመሪያውን ስም ይተካዋል። ስለዚህ “አባልነት” እና “ሰው” በተለያየ ሰንጠረዥ ተቀምጠው በመለያ ቁጥር የሚተሳሰሩበት ሲስተም ይመረጥ። ኢሜይልን መለያ አድርጎ የሚሠራ ግንኙነት፣ ሻጩ ምንም ያህል ቢያሞካሸው፣ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። የስጦታ አባልነትም የራሱ ጣጣ አለው፦ ከፋዩና ተቀባዩ ይለያያሉ፤ ጊዜው ከተገዛበት ቀን ይቆጠር ወይስ ተቀባዩ ካስጀመረው ቀን የሚለውም በሲስተሙ ውስጥ መቀመጫ ሊኖረው ይገባል።

የተደጋገሙ መዝገቦች ሲዋሃዱ ደግሞ ማንም ሳያየው የሚቆይ ስሕተት ይፈጠራል። የአባላት ክፍል መዝገብ ቁጥር 8847ን ወደ መዝገብ ቁጥር 5120 ያዋህድና 8847 ይጠፋል። የትኬት ሲስተሙ ግን አሁንም በ8847 ይጠይቃል፤ “የለም” የሚል መልስ ያገኛል፤ አባሉም ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። የተዋሃዱ ቁጥሮችን የሚይዝ ሰንጠረዥ ካለ አሮጌው ቁጥር ሲጠየቅ ወደተረፈው ይመራል። ሻጩን “ሲስተማችሁ መዝገብ ሲዋሃድ ለሌሎች ሲስተሞች ያሳውቃል ወይ?” ብለው ይጠይቁ። አዲስ መዝገብና ለውጥ እያሳወቁ ውሕደት ሲሆን ዝም የሚሉ ሲስተሞች አሉ።

ሁሉንም በአንድ የያዘ ሲስተም

ቴሲቱራና የብላክቦድ ኦልትሩ ከዚህ ወገን ናቸው፤ አባልነት፣ ትኬትና ልገሳ በአንድ የመረጃ ቋት ይቀመጣሉ። ጥቅሙ በግልጽ የሚታየው ጎብኚ ሲወጣ ነው። “ዛሬ የከፈልኩት ከአባልነቱ ዋጋ ላይ ይቀነስልኝ” ሲል የትኬት ሽያጩ ተሰርዞ፣ ገንዘቡ ወደ አባልነት ዞሮ፣ ካርዱ በአንድ ስክሪን ላይ ይወጣል። ሲስተሞቹ የተለያዩ ከሆኑ ይኸው ሥራ አንድ ስረዛ፣ አንድ ገንዘብ መመለስና አንድ አዲስ ሽያጭ ይጠይቃል፤ ከሦስቱ አንዱ ሲከሽፍ የማታው ሒሳብ አይዘጋም።

ድክመቱ ጎን ለጎን ያሉት ሥራዎች ላይ ነው፦ የሱቅ ዕቃ ቆጠራ፣ የድረ ገጹ መልክ፣ የትምህርት ቤት ቡድኖች ቀጠሮ። ዋናው ሥራ ጥሩ ሆኖ እነዚህ “አለ” ለማለት ያህል ብቻ የተጨመሩ ሊሆኑ ይችላሉ። በአንድ ስም የሚሸጥ ሁሉ አንድ የመረጃ ቋት አለው ማለትም አይደለም። ማሳያው ላይ በአባልነት ገጽ የአንድን ሰው ስም አስለውጠው ወዲያው የትኬቱን ገጽ ያስከፍቱ፤ ስሙ እዚያ ካልተለወጠ ከውስጥ የሚሠራው ማመሳሰል ነው።

ፕሮግራመር ለሌለው፣ የአባላትና የትኬት ሠራተኞቹ ጥቂት ለሆኑ ሙዚየም ይህ መንገድ ይሻላል። ገንዘቡ ካልበቃ ክፍት ምንጭ የሆነው ሲቪሲአርኤም ከድረ ገጽ መሥሪያዎቹ ከዎርድፕረስ፣ ከድሩፓል ወይም ከጁምላ ጋር ይሠራል፤ አባልነት፣ ልገሳና ዝግጅት በደንብ ይይዛል። በሰዓት የተከፋፈለ መግቢያና የበር ስካነር ግን ከሌላ ቦታ መጨመር ይኖርባቸዋል።

ቀጥታ ግንኙነት በኤፒአይ

ሦስት ሲስተሞች እርስ በርስ ሲያያዙ ሦስት ግንኙነት ይበቃቸዋል፤ አራቱ እስከ 6፣ ስድስቱ እስከ 15 ይደርሳሉ። ሁለት ወይም ሦስት ሲስተም ብቻ ካለና ኮዱን የሚጠብቅ ሰው በቋሚነት ከተመደበ ከዚህ የፈጠነ መንገድ የለም። ሰው ካልተመደበ ግንኙነቱ የሠራው ድርጅት ውል ባለቀ ማግስት መፍረስ ይጀምራል።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ዌብሁኩ ላይ ነው፤ ማለትም አንዱ ሲስተም “አዲስ አባል ገብቷል” ብሎ ለሌላው የሚልከው መልእክት ላይ። ላኪው መልእክቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ መድረሱን ነው የሚያረጋግጠው፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜም ሊደርስ ይችላል። ተቀባዩ የእያንዳንዱን መልእክት መለያ ካልመዘገበ ለአንድ ክፍያ ሁለት አባልነት ይከፍታል። ቅደም ተከተልም ዋስትና የለውም፤ “ተሰርዟል” የሚለው “ተገዝቷል” ከሚለው ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ መልእክቱ ውስጥ ያለውን እንዳለ ከመጻፍ፣ መልእክቱን እንደ ጥሪ ብቻ ቆጥሮ የመዝገቡን የአሁን ሁኔታ በኤፒአይ መልሶ መጠየቅ ይሻላል። ተቀባዩ መልእክቱን ወረፋ ውስጥ አስቀምጦ “ደርሶኛል” በሚለው 200 ኮድ ወዲያው ይመልስ፤ ሥራውን በኋላ ይሥራው። ሥራውን ጨርሶ ለመመለስ ከሞከረ ላኪው መጠበቅ ይሰለቸውና ደግሞ ይልካል። መልእክቱ በእርግጥ ከሻጩ መምጣቱንም በኤችማክ ፊርማው (በምስጢር ቁልፍ በሚሠራ ማረጋገጫ) ያረጋግጥ፤ አለዚያ አድራሻውን ያወቀ ሁሉ አባል መፍጠር ይችላል።

የጥሪ ገደብ ሌላው ነው። ተወዳጅ ኤግዚቢሽን ሽያጭ በሚከፈትበት ሰዓት ኤፒአዩ “ጥሪ በዝቷል” የሚለውን 429 ኮድ መመለስ ከጀመረ፣ ጠያቂው በየሙከራው የመጠበቂያ ጊዜውን እያራዘመ መሞከር አለበት። ሳይጠብቅ የሚደጋግም ኮድ ሰልፉን ያባብሰዋል። እነዚህ ሁሉ በትክክል ቢሠሩም በየሌሊቱ የሁለቱን መዝገብ ቆጥሮ ልዩነቱን በዝርዝር የሚያወጣ ፕሮግራም መኖር አለበት። የጠፋ ዌብሁክ ማንንም አይጠራም።

መሃል ላይ ያለ ማገናኛ

እዚህ እያንዳንዱ ሲስተም የሚያወራው ከማገናኛው ጋር ብቻ ነው፤ ለስድስት ሲስተም ስድስት ግንኙነት ይበቃል። አንዱ ሲስተም ሲወድቅ መልእክቱ ወረፋ ይይዛል፣ ሲነሳ ይደርሳል። አራትና ከዚያ በላይ ሲስተም ላለው፣ ወይም ከሲስተሞቹ አንዱን በቅርቡ ለመቀየር ላሰበ ሙዚየም ወጪውን ይመልሳል፤ የትኬት ሻጩ ሲቀየር የሚሠራው አንድ ግንኙነት ብቻ ነውና።

ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው ያልተላለፉ መልእክቶች የሚከማቹበት ሳጥን ነው። ሳጥኑን በየጠዋቱ የሚያይ ሰው በስም ካልተመደበ መሙላቱ የሚታወቀው አባላት ሲደውሉ ነው። ሁለተኛው ዋጋው ነው፤ በመልእክት ብዛት የሚያስከፍሉ አሉ። እያንዳንዱ የበር ስካን በዚያ በኩል እንዲያልፍ ከተደረገ ሒሳቡ ያስደነግጣል። ስካኖቹን ሰብስቦ በሰዓት አንዴ መላክ ይበቃል።

የሌሊት ፋይል

ያረጀ ተብሎ ይናቃል፤ ለሒሳብ፣ ለለጋሾች ክትትልና ለፖስታ ዝርዝር ግን ከእሱ የተሻለ የለም። ርካሽ ነው፣ ሲበላሽ ፋይሉን ከፍቶ ማየት ይቻላል፣ እንደገና ማስኬድም ቀላል ነው። ልብ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፦

- ላኪው ፋይሉን በጊዜያዊ ስም ጽፎ ሲጨርስ ስሙን ይቀይር። አለዚያ ተቀባዩ ግማሹን ብቻ ሊያነብ ይችላል።
- የመጨረሻው መስመር የመዝገቡን ብዛትና የገንዘቡን ድምር ይያዝ፤ ካልተመሳከረ ምንም አይግባ።
- ቀን ሁልጊዜ 2026-04-03 በሚል ቅርጽ ይጻፍ። 03/04 ለአንዱ ኤፕሪል፣ ለሌላው ማርች ነው።
- ፊደሎቹ የሚቀመጡበት የጽሑፍ ኮድ ዩቲኤፍ-8 ይሁን፤ በእጅ ለማስተካከል ኤክሴል አይከፈት። ኤክሴል ከአባልነት ቁጥር ፊት ያሉትን ዜሮዎች ይጥላል፤ 004518 የነበረው 4518 ሆኖ ይመለሳል።
- የተለወጠው ብቻ የሚላክ ከሆነ የተሰረዘ መዝገብ አይታይም። በሳምንት አንዴ ሙሉው ይላክ።

አንድ ሎግኢን

ኦፕንአይዲ ኮኔክት ወይም ሳምል በተባሉ የጋራ ሎግኢን መስፈርቶች አባሉ አንዴ ገብቶ በትኬት ገጹም፣ በሱቁም፣ በአባላት ገጹም ይታወቃል። ለአባሉ የሚመች ነው፤ ግን ማንነቱን እንጂ መረጃውን አያስተላልፍም። ይህን ገዝቶ “ሲስተሞቹ ተገናኝተዋል” ብሎ መዝጋት ከሁሉ የተለመደ ስሕተት ነው። ገብቶም ቢሆን የአባል ዋጋ ካላየ ብስጭቱ ካልገባ ሰው ይብሳል።

ቴክኒኩ ላይ አንድ ነገር፦ የትኬት ሽያጩ በአይፍሬም (የሌላ ድረ ገጽን ገጽ በሚያሳይ መስኮት) ድረ ገጹ ውስጥ ከተከተተ የአይፎን ተጠቃሚዎች ቅርጫታቸው ባዶ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። የአይፎኑ ማሰሻ ሳፋሪ የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን (ሌላ ድረ ገጽ ጎብኚውን ለማስታወስ የሚያስቀምጣቸውን ትናንሽ ፋይሎች) ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ ሳይጠየቅ ይከለክላል። ሽያጩ በሙዚየሙ ዶሜይን ሥር ባለ ንዑስ ዶሜይን ላይ ቢሆን ይህ ችግር አይነሳም።

በሩ ላይ

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ በሩ ኢንተርኔት ሲቋረጥም መሥራት አለበት። ስካነሩ የሚሠሩ ትኬቶችንና አባልነቶችን ዝርዝር በራሱ ይያዝ፤ በየ5 ደቂቃው ያድስ፤ መስመር እያለ ዝርዝሩ ውስጥ ያላገኘውን በቀጥታ ይጠይቅ፤ ሲቋረጥ ካለው ዝርዝር ይፍረድና ስካኑን መዝግቦ መስመር ሲመለስ ይላክ። በመቋረጡ ጊዜ አንድ ትኬት በሁለት በር ሊገባበት ይችላል። ይህን ኪሳራ መቀበል ይሻላል፤ ሰልፉን ማቆም ከዚያ ይበልጥ ያስከፍላል።

በእጅ የሚያዘው መሣሪያ እንደ ኪውአር ያለ ባለ ሁለት አቅጣጫ ኮድ የሚያነብ፣ በካሜራ የሚሠራ ይሁን። የሱቅ ባርኮድ ብቻ የሚያነብ የሌዘር ስካነር ኪውአር አያነብም፤ ከስልክ ስክሪን ላይም ይቸገራል። ኪውአሩ ውስጥ ስምም የአባልነት ቁጥርም አይግባ፤ ትርጉም የሌለው አጭር የዘፈቀደ መለያ ይበቃል። አጭር ሲሆን ነጥቦቹ ይተልቃሉ፣ በፍጥነትም ይነበባል። ኪውአር አራት የስሕተት ማረሚያ ደረጃ አለው፦ ኤል 7፣ ኤም 15፣ ኪው 25፣ ኤች 30 በመቶ ገደማ የተበላሸ ኮድ ማንበብ ያስችላሉ። ለስልክ ስክሪን ኤም፣ ለሚታጠፍ ወረቀት ኪው ተስማሚ ነው። የማይለወጥ ኮድ በስክሪን ፎቶ ለሌላ ሰው ሊላክ ስለሚችል አባልነት ሲሆን ስሙ ስክሪኑ ላይ ወጥቶ ከመታወቂያ ጋር ይመሳከር።

የማብቂያ ቀን ስሌትም ያስቸግራል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከሠራና ማብቂያው “30ኛው ቀን” ተብሎ ከተመዘገበ፣ አባሉ በመጨረሻው ቀን ከበሩ ሊመለስ ይችላል። ስሌቱ በሙዚየሙ ሰዓት፣ እስከ ቀኑ መጨረሻ ይሁን። ለእድሳት የተሰጠ የእፎይታ ጊዜ ካለም የአባላት ክፍሉ ብቻ ሳይሆን ስካነሩም ሊያውቀው ይገባል።

የሌላ ሙዚየም አባላትን በስምምነት የሚያስገባ ተቋም አንድ ተጨማሪ መስፈርት አለው። ለምሳሌ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ማዕከላት ማኅበር የፓስፖርት ፕሮግራም ጎብኚው ከሚጎበኘው ማዕከል በቀጥታ መስመር 90 ማይል፣ ማለትም 145 ኪሎ ሜትር ያህል ክልል ውስጥ የሚኖር ከሆነ ነፃ መግቢያውን አይሰጥም። ስለዚህ የበሩ ስክሪን የመኖሪያ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ጉብኝቱም ከራስ አባላት ተለይቶ መቆጠር አለበት።

የሰዓት ቦታና የውጭ ሻጮች

የቀረው ቦታ ቁጥር አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጥ። ቅርጫት ውስጥ የገባ ትኬት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተይዞ ካልተከፈለበት ይለቀቅ፤ ጊዜው ካነሰ ካርዱን የሚፈልግ ሰው ይቀደማል፣ ከበዛ ያልተሸጡ ቦታዎች የተሸጡ ይመስላሉ። ለውጭ ሻጮች ሁለት ምርጫ አለ፦ የተወሰነ ኮታ ቆርጦ መስጠት፣ ወይም ከቀጥታው ቁጥር ማገናኘት። ኮታ ቀላል ነው፤ ግን እነሱ ጋ ባዶ ቦታ እያለ በሩ ላይ “አልቋል” ሊባል ይችላል። ያልተሸጠው ኮታ ከመግቢያው 24 ሰዓት ቀድሞ እንዲመለስ ውሉ ላይ ይግባ። ቀጥታ ለማገናኘት ኦክቶ የተባለው ለመስህብ ቦታዎች የተዘጋጀ የኤፒአይ መስፈርት አለ፤ ቦታ መጠየቅን፣ መያዝንና ማጽናትን ለየብቻ ስለሚያስኬድ ቦታው ክፍያው እስኪጠናቀቅ ድረስ ይጠበቃል።

አባላት የሚይዙት የዜሮ ዋጋ ትኬት ትንሽ ይመስላል። ብዙ ክፍያ አቀናባሪዎች የዜሮ ክፍያን አይቀበሉም፤ ቅርጫቱ ዜሮ ሲሆን የክፍያ ገጹን የሚዘል ካልሆነ አባሉ መጨረሻው ላይ ደርሶ ስሕተት ያያል።

ክፍያ

ከፋዩን ወደ አቀናባሪው ገጽ መምራት ኃላፊነቱን ያጠብባል። የካርድ ክፍያ ደኅንነት መስፈርት የሆነው የፒሲአይ ዲኤስኤስ 4ኛው ስሪት ከእ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ ግዴታ ባደረጋቸው ነጥቦች፣ የክፍያ ገጹን የሚያስተናግደው ተቋም ገጹ ላይ የሚሠሩ ስክሪፕቶችን መዝግቦ መቆጣጠር አለበት። የማስታወቂያ መከታተያ ኮድ የክፍያ ገጹ ላይ እንደልብ መለጠፍ ቀርቷል።

ሲስተም ሲቀየር የሚያስለቅሰው ግን ሌላ ነው፦ በራሱ የሚታደስ አባልነት። ሙዚየሙ የያዘው የካርዱን ቁጥር ሳይሆን አቀናባሪው የሰጠውን ምትክ ምልክት ነው፤ ያ ምልክት በሌላ አቀናባሪ አይሠራም። አቀናባሪው ተቀይሮ ምልክቶቹ ካልተዛወሩ ሁሉም አባል ካርዱን እንደገና ማስገባት አለበት፤ የሚመለሰውም ሁሉም አይሆንም። “ስንለቅ ምልክቶቹን ለአዲሱ አቀናባሪ በደኅንነት ታስተላልፋላችሁ” የሚለው ሐረግ ከመፈረም በፊት ውሉ ውስጥ ይግባ፤ የሚፈጀው ቀንና ዋጋውም ይጻፍ።

ከመፈረም በፊት የሚደረጉ ሙከራዎች

በሙከራ አካባቢ ላይ፣ በሻጩ እጅ ሳይሆን በትኬት መስኮቱ ሠራተኛ እጅ፣ እነዚህ ይሠሩ። በስልክ አባልነት ገዝቶ በ3 ደቂቃ ውስጥ ስካን ማድረግ። የዛሬን ትኬት ወደ አባልነት መቀየርና የማታውን ሒሳብ መዝጋት። ሁለት መዝገብ አዋህዶ በአሮጌው ካርድ መግባት። የመጨረሻውን አንድ ቦታ በድረ ገጹና በመስኮቱ በአንድ ጊዜ ለመሸጥ መሞከር። የስካነሩን ኢንተርኔት ነቅሎ ሃያ ሰው ማስገባት፣ ከዚያ መስመሩን መልሶ ቁጥሩን ማየት። የስጦታ አባልነት ገዝቶ ገንዘቡን ማስመለስና ተቀባዩ ጋ ያለው ካርድ መዘጋቱን ማረጋገጥ።

“ይህ በሚቀጥለው ስሪት ይመጣል” የሚል መልስ የተሰጠበት ሁሉ “የለም” ተብሎ ይመዝገብ። ወደ አዲሱ የመሸጋገሪያ ቀን ደግሞ ጎብኚ በሚቀንስበት ሳምንት መሃል ይሁን፤ የአባላት መዝገብ ቀድሞ ይዛወር፣ ትኬት ይከተል፣ የበር ስካነሮች በመጨረሻ። አሮጌው ሲስተም ቀድመው የተሸጡት ትኬቶች የመጨረሻ ቀን እስኪያልፍ ድረስ ለንባብ ብቻ ክፍት ሆኖ ይቆይ።